በአነስተኛ ወጪ ሸክላ ማጫወቻ ሲያሟሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሸክላ መስማት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ማጫወቻው ላይ ያፈሳል። ከዚያ ስፒከር ይጎድለዋል፣ ወይም የገዛው ዕቃ ከቤቱ መብራት ጋር አይስማማም፣ ወይም መርፌው ባልተስተካከለ ክብደት ሸክላውን ሲፍቀው ይከርማል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሸክላ የሚያበላሽ ዕቃ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ በብዛት የሚመጣው እርስ በርሱ ካልተስማማ ዕቃ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይታረማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከመግዛትዎ በፊት ካልታሰበባቸው ኪስ ይጎዳሉ።

የሻንጣ ቅርጽ ያለውን ማጫወቻ መግዛት

ስፒከሩ አብሮት የተሠራው ባለ ሻንጣ ማጫወቻ ለዓይን ያምራል፣ ዋጋውም ያጓጓል። ግን አብዛኞቹ የሴራሚክ ካርትሪጅ (መርፌው የሚገጠምበት ትንሽ ክፍል) ስላላቸው መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫነው 5 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ደህና ማጫወቻ ላይ ያለ መርፌ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ቢጫን ነው። ክብደቱን ልቀንስ ቢሉ ማስተካከያ የለውም። ስፒከሩ እዚያው ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠም ድምፅ ሲጨምሩ ንዝረቱ ወደ መርፌው ይመለሳል፤ ባሱ ሲከብድ መርፌው ይዘላል። አንድ ሁለቴ ቢጫወትበት ሸክላ አይሞትም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ያሳተሟቸውን ዓይነት ምትክ የማይገኝላቸው ሸክላዎች ያሉት ሰው ግን በዚህ ዕቃ አዘውትሮ ባያጫውታቸው ይሻላል።

በዚያው ደረጃ ጥቂት ጨምረው የሚያገኙት ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤል ፒ 60 ኤክስ ነው። መርፌው አልማዝ ነው፣ ክብደቱ ከፋብሪካ 3 ግራም አካባቢ ተስተካክሎ ይመጣል፣ ፎኖ ፕሪአምፕም (ከመርፌው የሚወጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎላው ክፍል) ውስጡ አለው። ክብደቱን ማስተካከል አይቻልም፤ ለጀማሪ ግን ይህ እንደ ጥቅምም ይቆጠራል፣ የሚሳሳቱበት ነገር የለምና። ወደፊት ካርትሪጅ እየቀየሩ ማሻሻል ለሚፈልግ ኤል ፒ 120 ኤክስ ወይም ፍሉዋንስ አር ቲ 82 ይሻለዋል።

ገንዘቡን ሲከፋፍሉ ግማሹን ያህል ለስፒከር ያስቀሩ። አምፕሊፋየር ከሌለዎት እንደ ኤዲፋየር አር 1280 ቲ ያለ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ የተገጠመ ጥንድ ስፒከር ነገሩን ያቀልልዎታል።

መብራቱን ሳያጣሩ ከውጭ ማስመጣት

ከአሜሪካ ለዘመድ የሚላክ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው፤ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የቮልቱን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ትራንስፎርመር ገዝቶ ይገላገላል። ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም።

የመብራት ገመዳቸው በቀጥታ ወደ ሞተሩ የሚገባ አሮጌ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከኸርዙ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር 50 ሲያገኝ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፦ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ብቻ ይዞራል። ዘፈኑ መጎተቱ ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥረው በፒያኖ ላይ ከሦስት ቁልፍ በላይ ይወርዳል፣ የሴቷ ድምፅ ወደ ወንድ ይጠጋል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ (ሸክላውን የሚያዞረው ቺንጊያ የሚጠመጠምበት የሞተሩ ትንሽ ጎማ) ማግኘት ነው፤ ለአንዳንድ ሞዴል ይገኛል፣ ለብዙው አይገኝም። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣውም ያሳስታል፤ ቮልቱ ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም ኸርዙ 60 ነው። ከዱባይ፣ ከእስራኤልና ከአውሮፓ የሚመጣው 50 ስለሆነ በዚህ በኩል ሥጋት የለበትም። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚወሰድ የአባት ማጫወቻ፣ ቮልቱ ቢስተካከልለትም እንኳ፣ እዚያ ሲደርስ በፍጥነት ይሮጣል።

አዳዲሶቹ በአብዛኛው ከውጭ በሚሰካ አዳፕተር ይሠራሉ። አዳፕተሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ከተጻፈ የሚቀየረው የሶኬቱ ማያያዣ ብቻ ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ማጫወቻውን ሳይሆን አዳፕተሩን ይቀይሩ፤ የሚያወጣው ቮልትና የፕላስ ማይነሱ አቀማመጥ ከነባሩ ጋር አንድ ይሁን፣ አምፒሩም ከነባሩ አይነስ። የሚያወጣው «ኤሲ» የሚል ከሆነ በ«ዲሲ» አይተኩት።

ፍጥነቱን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ሸክላው ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡና መርፌውን ሳያወርዱ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ይቁጠሩ። በ33⅓ ልክ 100 መሆን አለበት። 83 አካባቢ ከመጣ የኸርዙ ችግር ነው። 97 ወይም 98 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቺንጊያው ላልቷል፤ ቺንጊያ ርካሽ ነው፣ ርዝመቱን ግን በሞዴሉ ስም ይዘዙ እንጂ በግምት አይግዙ።

ዕቃው በሻንጣ የሚጓዝ ከሆነ የሚሽከረከረውን ሳህን ያውጡና ለብቻው ጠቅልለው ያስቀምጡት። እላዩ ላይ እንዳለ ከተጓዘ በየግጭቱ የመሃሉን ዘንግ እየመታ ኩሽኔታውን ይጎዳል። መርፌውን ከሚሸከመው ክንድ ጀርባ ያለውን ክብደት ይፍቱ፣ ክንዱን በማረፊያው ላይ በለስላሳ ክር ይሰሩት፣ መርፌው ላይ ክዳኑን ይግጠሙ።

ፎኖ ፕሪአምፕን መርሳት፣ ወይም ሁለት ማድረግ

ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጋንኖ ነው የሚቀረጸው። ባሱ እንዳለ ቢገባ መርፌው የሚሄድበት ቦይ በጣም ሰፍቶ አንዱ ገጽ የሚይዘው ደቂቃ ያጥር ነበር። ይህን መልሶ የሚያስተካክለው፣ ከመርፌው የሚወጣውን ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት የሚሆን ደካማ ምልክትም የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ከሦስት ቦታ በአንዱ ይገኛል፦ ማጫወቻው ውስጥ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ፣ ወይም ለብቻው በሚሸጥ ትንሽ ሳጥን ውስጥ።

ችግሩን ጆሮዎ ይነግርዎታል። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ፣ ባስ የሌለው፣ እንደ ስልክ ስፒከር ቀጭን ከሆነ ፕሪአምፕ የለም። እጅግ ጮኾ፣ ባሱ ተድበስብሶ፣ የተቀደደ ድምፅ ከሰጠ ደግሞ ሁለት ፕሪአምፕ ተደራርቧል። በብዛት የሚሆነው የማጫወቻው «ፎኖ/ላይን» መምረጫ ማብሪያ «ላይን» ላይ እያለ (ማለትም ውስጡ ያለው ፕሪአምፕ እየሠራ) ገመዱን አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» ከሚለው ቀዳዳ መሰካት ነው። ማብሪያው «ላይን» ከሆነ ገመዱ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» ውስጥ ይግባ፤ ማብሪያው «ፎኖ» ከሆነ ገመዱም «ፎኖ» ውስጥ ይግባ። ከዚህ ውጭ የሚታወስ ነገር የለውም።

ከገመዶቹ ጋር ጫፉ ሹካ የሚመስል አንድ ቀጭን ሽቦ ካለ የግራውንድ ሽቦ ነው፤ ብዙ ሰው ትርፍ መስሎት ይተወዋል። ፕሪአምፑ ወይም አምፕሊፋየሩ ላይ ካለችው ትንሽ ቦሎን ጋር እሰሩት። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት የሚሰማው «እምምም» የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ በዚህ ይጠፋል። ካልጠፋ ማጫወቻውን ከትራንስፎርመርና ከአዳፕተሮች ያርቁት።

የመርፌውን ክብደት በግምት መተው

ይህ የሚመለከተው ክብደቱ የሚስተካከልበትን ማጫወቻ ነው፤ ጀማሪ በብዛት የሚፈራውም ይህንን ነው። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ማጫወቻውን በውሃ ልክ አመጣጥኑ፤ በሁለት አቅጣጫ ይለኩት። ከዚያ የመርፌውን ክዳን አውልቀው አንቲ ስኬቱን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ ላይ ያድርጉ። ክንዱን ከማረፊያው አንሥተው፣ መርፌው ምንም እንዳይነካ በጣትዎ እየጠበቁ፣ ክንዱ ሳይወርድም ሳይወጣም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ የኋላውን ክብደት በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት። ክንዱን ወደ ማረፊያው መልሰው ይቆልፉ። አሁን ክብደቱን ሳያንቀሳቅሱ፣ ቁጥር የተጻፈበትን የፊት ቀለበት ብቻ ዞር አድርገው ዜሮውን ከመስመሩ ጋር ያገናኙ። ቀጥሎ ክብደቱንና ቀለበቱን አብረው ካርትሪጁ የሚፈልገው ቁጥር ድረስ ያዙሩ፦ ኤል ፒ 120 ኤክስ ላይ ለሚመጣው ቪ ኤም 95 ኢ 2 ግራም፣ ለኦርቶፎን ኦ ኤም 10 1.5 ግራም። በመጨረሻ አንቲ ስኬቱን በዚያው ቁጥር ላይ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለበቱን ዜሮ ሲያደርግ ክብደቱንም አብሮ ማዞሩ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ከተጠራጠሩ መቶኛ ግራም የሚያነብ ለመርፌ የተሠራ ዲጂታል ሚዛን ርካሽ ነው።

ሌላው ስህተት «ሸክላዬ እንዳይጎዳ» ብሎ ክብደቱን ከተጻፈው በታች ማድረግ ነው። የቀለለ መርፌ ቦዩን ተደግፎ መሄድ ትቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው፣ ጉዳቱም የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ከተፈቀደው መጠን ውስጥ ከታችኛው ይልቅ ወደ ላይኛው ቢጠጉ ይሻላል። መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም መለጠፍም መፍትሔ አይደለም፤ አንድ ሳንቲም ብዙ ግራም ነው። የዘለለው ሸክላው ስለቆሸሸ፣ ማጫወቻው ስላዘመመ ወይም ክንዱ በነፃነት ስለማይንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እነዚህን ይመርምሩ።

ዕድሜው ከማይታወቅ መርፌ ጋር መቀጠል

ያገለገለ ማጫወቻ ሲገዙ የመርፌውን ዋጋ ከማጫወቻው ዋጋ ጋር ደምረው ያስቡ። ሻጩ «ብዙም አልሠራ» ቢልም መርፌ ሲያልቅ በዓይን አይታይም። ለቪ ኤም 95 ኢ አምራቹ የሚሰጠው ዕድሜ 300 ሰዓት ነው፤ በቀን አንድ አልበም፣ 40 ደቂቃ ያህል፣ ለሚሰማ ሰው አሥራ አምስት ወር ገደማ ማለት ነው። ካለቀ በኋላ የ«ሰ» እና የ«ሽ» ድምፆች መሻከር ይጀምራሉ፣ ይህም መጀመሪያ የሚሰማው በሸክላው መጨረሻ፣ ወደ መሃሉ ሲጠጋ ነው። ሙሉ ካርትሪጅ መግዛት አያስፈልግም፤ በአብዛኞቹ ላይ መርፌው ብቻውን ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱም እንዲሁ ይገባል።

በ78 የሚዞሩት አሮጌ ሸክላዎች ጉዳይ ለብቻው ነው። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ የተራው መርፌ ታች ወርዶ ቆሻሻውን ይጠርጋል እንጂ ግድግዳውን አይነካም። ለእነርሱ የተሠራ ወፍራም መርፌ ያስፈልጋል።

ስፒከሩንና ማጫወቻውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ

ንዝረት በጠረጴዛው በኩል ወደ መርፌው ይደርሳል፤ ድምፁ ሲጨምር ወፍራም ጉርምርምታ ይፈጥራል። ቢቻል ማጫወቻው ለብቻው ከባድ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ካልተቻለ ስፒከሮቹን ወፍራም ስፖንጅ ላይ ያሳርፉ። በእንጨት ወለል ላይ ሲራመዱ የሚዘል ከሆነ ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ይበልጣል።

ባገኙት ፈሳሽ ማጠብ

ለአቧራ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ይበቃል፤ ሸክላው እየዞረ ሁለት ሦስት ዙር ያሳርፉትና ወደ ውጭ ጠርገው ያውጡት። ለቆየ ቆሻሻ የተጣራ ውሃ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ጨምረው፣ በለስላሳ ጨርቅ በቦዩ አቅጣጫ፣ በክብ ይጥረጉ፤ ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ያለቅልቁ፣ አቁመው ያድርቁ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ኖራ ይተዋል። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ ከሚሸጠው ከገዙ ጠርሙሱን ያንብቡ፤ አሲዱም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል። በ78 ሸክላ ላይ አልኮል ፈጽሞ አይንካ፤ የተሠራበትን ሼላክ ያሟሟዋል። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ይጠንቀቁ።

ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ባለ 45 በግምት መሃል ማስቀመጥ

የአንዳንድ ባለ 45 ሸክላ ቀዳዳ 38 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፣ የማጫወቻው ዘንግ ግን 7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዓይን ለክቶ መሃል ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ቢያፈነግጥ ዜማው በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፣ በመሲንቆና በሳክስፎን ረጅም ድምፆች ላይ ደግሞ ጎልቶ ይሰማል። ከማጫወቻው ጋር የሚመጣውን ክብ አዳፕተር ይጠቀሙ፤ ከጠፋ ብቻውን በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ፍጥነቱን ወደ 45 ማዞርም አይርሱ፤ ቺንጊያው በእጅ የሚቀየርባቸው ማጫወቻዎች ላይ መጀመሪያ ሳህኑን ማንሣት ያስፈልጋል።

አውቶማቲክ ማጫወቻ ያለው ሰው ክንዱ በራሱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ መብራት ከሄደበት በእጁ ገፍቶ ወደ ቦታው መመለስ የለበትም፤ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበራሉ። ከሶኬቱ ይንቀሉት፣ መብራቱ መጥቶ ሲረጋ መልሰው ይሰኩትና ክንዱ ዙሩን ራሱ ይጨርስ።