የሪዮሃ ቀይ ወይን ስትጠጡ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ሪዮሃ በሰሜን ስፔን የኤብሮ ወንዝን ይዞ የተዘረጋ የወይን አገር ነው። ዋናው የወይን ዘር ቴምፕራኒዮ ይባላል። ስሙ የወጣለት ፍሬው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። የወይን ጠጁ ግን አይቸኩልም። መጀመሪያ 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል፣ ቀጥሎ በጠርሙስ ሆኖ ጊዜውን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ወይን እቤታችን ገብቶ በአንድ ሰዓት ሲበላሽ በጣም ያሳዝነኛል።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሙቀት ነው። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በክፍል ሙቀት ይቅረብ የሚለው ምክር የመጣው ግን ቤቶቻቸው ቀዝቃዛ ከነበሩ አውሮፓውያን ነው። ለሪዮሃ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃል። አንድ ቀን ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ ተውኩት፣ ሌላውን 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛ ላይ የቆየው ሲሸተት እንደ አረቄ አፍንጫ ይወጋል። ከፍሪጅ የወጣው ግን የበሰለ ፕሪም ሸተተኝ፣ ከኋላው ደግሞ ቫኒላ መጣ። ወይኑ አንድ ነው! እናንተም ሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ያ ቫኒላ የተጨመረ ነገር አይደለም፤ ከበርሜሉ እንጨት የመጣ ነው። የአሜሪካ ኦክ ቫኒላና ኮኮነት ይሰጣል፣ የፈረንሳዩ ወደ ቅርንፉድ ያደላል።

ሌላው ስህተት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስም እንደ ጥራት ደረጃ ማየት ነው። ቀይ ክሪያንዛ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመቱ በበርሜል ነው። ሬዘርቫ 3 ዓመት ይቆያል፣ እሱም ቢያንስ 1 ዓመት በርሜል ውስጥ። ግራን ሬዘርቫ 5 ዓመት፤ 2 በበርሜል፣ 2 ደግሞ በጠርሙስ ግዴታ ነው። ስሞቹ የሚናገሩት የቆይታ ጊዜን ነው። ግራን ሬዘርቫ ቆዳ ቆዳ፣ ትምባሆ ትምባሆ፣ የደረቀ ፍሬ ይላል። ትኩስ የፍሬ ጣዕም የሚወድ ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ ቅር ሊለው ይችላል። ለአዘቦት እራት እኔ ሁሌም ክሪያንዛ ነው የምመርጠው።

ክሪያንዛ ገዝቶ «ይቆይ፣ ይጣፍጣል» ማለትም አያዋጣም። ለገበያ የሚወጣው ለመጠጣት ደርሶ ነው። በተለይ ፍሪጅ አናት ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታቆዩት። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልጉና ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድሙት።

መዓዛው እንዲወጣ አየር ያግኝ ብሎ ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን ክፍት መተውም ብዙ አይረዳም። አንገቱ ጠባብ ነው፤ አየር የሚያገኘው የሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ ነው። ወጣት ወይን ከሆነ ሰፊ ጆግ ውስጥ ገልብጡት። ያረጀ ግራን ሬዘርቫን ግን እንዲህ አታንገላቱት፣ መዓዛው ቶሎ ይሸሻል። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ዝቃጩ ይውረድ፣ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ዝቃጭ ስላለው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ከምግብ ጋር ሲሆን ለእኛ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ በርበሬው ከበዛ ወጥ ጋር አታቅርቡት። አልኮሉ ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ የኦኩ ምሬት ይወጣል፣ ወጡም ወይኑም ይጎዳሉ። የሪዮሃ ሰዎች ወይኑ ሲገረዝ የተቆረጠውን ሐረግ አድርቀው ያነዱና ፍሙ ላይ የጠቦት ጎድን ይጠብሳሉ። ቅመሙ ጨው ብቻ ነው። ወደዚህ የሚጠጋው የእኛ ምግብ አዋዜ ያልነካው የበግ ጥብስ ነው። ስቡ ትንሽ ጠበስ ብሎ ጠርዙ ሲንጫጫ ቅዱለት።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። 2 ወይም 3 ቀን ደህና ይቆያል፤ ከመጠጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ማውጣት ብቻ ነው።