የቤንዚን መኪና በተጨመቀ ጋዝ እንዲሠራ እንዴት ይቀየራል? ለድሬዳዋና ለሐረር አሽከርካሪዎች

ጋዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ለማብሰያ የምንገዛው ቡታ ጋዝ ኤልፒጂ ይባላል፤ በትንሽ ግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የተመረቀው ፋብሪካ የሚያመርተው ኤልኤንጂ ነው፤ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ነው። መኪናው የሚቀየርበት ሲኤንጂ ግን ያው የተፈጥሮ ጋዝ ሆኖ ፈሳሽ ሳይሆን፣ በጋዝነቱ እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የተጨመቀ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ከሞት ያድናል። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር የተሠራው ከ20 ባር በታች ለሆነ ግፊት ስለሆነ ሲኤንጂ ቢሞላበት ይፈነዳል። በብየዳ አጠናክሬዋለሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ከዋጋ ድርድሩ በፊት የመሙያው ቦታ ይጣራ። 60 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 10 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይይዛል። አንድ ኪሎ ጋዝ ከ1.4 ሊትር ቤንዚን ጋር ይመጣጠናል፤ ስለዚህ አንድ ሙሌት የ14 ሊትር ቤንዚን ያህል ነው። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ኮሮላ በዚህ 170 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። መሙያው ከዕለት መንገድዎ ውጭ ከሆነ ትርፉ በመመላለስ ያልቃል። ሊብሬው ላይ የነዳጅ ዓይነት ስለሚጻፍ ትራንስፖርት ቢሮውንና ኢንሹራንስዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ተቀይሮ ካለቀ በኋላ ዓመታዊ ምርመራ ላይ መከራከር አያዋጣም።

መጀመሪያ ሞተሩ

ቤንዚን ደካማ ሞተርን ይታገሳል፣ ጋዝ ግን አይታገስም። የሁሉም ፒስተን ኮምፕሬሽን (አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ቫልቮላው ወይም ፋሻው ሳይጠገን ሥራው አይጀመር። ጋዝን ለማቀጣጠል ከቤንዚን የበለጠ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹን አዲስ ያድርጉ፣ ክፍተታቸውን ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ያጥብቡ፣ የተሰነጣጠቀ የካንዴላ ሽቦ ካለ ይቀይሩ። "ጋዝ ከገባላት ወዲህ ትንፈራገጣለች" ከሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ድሮም የነበረባቸው የካንዴላ ሕመም ነው የወጣባቸው።

ራዲያተሩንም ይዩት። በድሬዳዋ ሙቀት የሚፈስ ራዲያተርን በየቀኑ የቧንቧ ውሃ እየሞሉ መንዳት የተለመደ ነው። ዝገቱና ደለሉ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውና በራዲያተሩ ውሃ የሚሞቀው ሬዱሰር ውስጥ ያሉትን ጠባብ መተላለፊያዎች ስለሚደፍን መጀመሪያ ታጥቦ ኩላንት ይሞላበት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ኢንጄክሽን ላላት መኪና፦ የጋዝ ሲሊንደር ከነቫልቩ፣ የመሙያ አፍ፣ ውጫዊ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ፣ የግፊት ጌጅ፣ ሬዱሰር፣ ማጣሪያ፣ የጋዝ ኢንጄክተሮች፣ የግፊትና የሙቀት ሴንሰር፣ የጋዝ ኢሲዩ (ኢንጄክተሮቹን የሚያዝ ኮምፒዩተር)፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም መቀየሪያ። ለአሮጌ ፔጆና ለሌሎች ካርቡራተር ላላቸው በኢንጄክተሮቹ ፈንታ ካርቡራተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ጋዙን ከአየር የሚቀላቅል ሚክሰር፣ እንዲሁም ቤንዚኑን የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ይገባል። ጋዝ በዝግታ ስለሚቃጠል በእነዚህ መኪኖች ላይ ካንዴላው ከፋብሪካው ልክ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ቀደም ብሎ እንዲተኩስ ይደረጋል።

በሲሊንደሩ ላይ አይቆጥቡ። አንገቱ አካባቢ የተመታውን ጽሑፍ በእጅ ባትሪ ያንብቡት፦ አይኤስኦ 11439 ወይም አር 110 የሚል ደረጃ፣ የሥራ ግፊት 200 ባር፣ የተሠራበት ቀን፣ የአገልግሎት ማብቂያ። ጽሑፉ በሞላ የተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም የተደፋበት ከሆነ በነጻም ቢሰጥዎ አይውሰዱት። ቫልቩ ላይ በእጅ የሚዘጋ ቁልፍ፣ ቱቦ ሲበጠስ ፍሰቱን የሚገታ መከላከያ፣ እና በእሳት ጊዜ 110 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ ጋዙን የሚለቅ መክፈቻ መኖር አለበት። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ውስጧ ቢጋልም እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ፀሐይ ብቻዋን አትከፍተውም።

አገጣጠሙ

1. ሲሊንደሩን ማሰር። 60 ሊትር የሚይዘው የብረት ሲሊንደር ብቻውን 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቦታው የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ አግድም ነው። ከሥር ማሰር በአሸዋና በድንጋያማ መሻገሪያ ለሚሄድ መኪና አይሆንም። ፍሬሙ በብሎን ይታሰራል፤ ከላሜራው በታች ሰፊ የብረት ሳህን ይደረግና ዳዶው እሱ ላይ ይጠብቃል። ተራ ሮንዴላ ብቻ ከሆነ በግጭት ጊዜ ላሜራውን ቀድዶ ይወጣል፣ ሲሊንደሩም ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። በማሰሪያውና በሲሊንደሩ መካከል ላስቲክ ይግባ። ሲሊንደሩ ላይም ሆነ አጠገቡ ብየዳ ፈጽሞ አይነካም። ቫልቩ ጋዝ በማያሳልፍ ሽፋን ተሸፍኖ፣ የሽፋኑ ቱቦ ወለሉን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል።

2. የብረት ቱቦው። ከመኪናው ሥር፣ ከማርሚታው ራቅ ብሎ፣ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ በማሰሪያ እየተያዘ ወደ ፊት ይሄዳል። ላሜራ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ላስቲክ ይግባለት። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዙር ጥቅል ይተዉ፤ የሞተሩን ንዝረት የሚበላው እሱ ነው። ሁለት ቀለበት ያላቸው መገጣጠሚያዎች በእጅ እስኪቆሙ ይዞሩና በመፍቻ አንድ ዙር ከሩብ ይጨመርባቸዋል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ቀለበቱን ይሰነጥቃል፤ ፍሳሹም ከሳምንታት በኋላ ይመጣል።

3. ሬዱሰሩ። ንዝረት እንዳይበላው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ ይታሰር፣ አየር እንዳይቋጥር ከራዲያተሩ አናት ዝቅ ይበል። ወደ ሂተሩ ከሚሄዱት የሙቅ ውሃ ቱቦዎች ተቀንሶ ሁለት መስመር ይገባለታል። ጋዙ ከ200 ወደ 2 ባር ገደማ ሲወርድ ኃይለኛ ቅዝቃዜ ይፈጥራል። ውሃው ካልተዘዋወረ ውጭ 38 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ሬዱሰሩ ላይ ነጭ በረዶ ሲጋገር ያዩታል፣ ሞተሩም ይጠፋል።

4. ኢንጄክተሮቹ። አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ማኒፎልድ ይፈታ። ሳይፈታ መብሳት ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን የአሉሚኒየም ብናኝ ወደ ቫልቮላው ይገባል። በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ለቤንዚን ኢንጄክተሩ በተቻለ መጠን ቀርቦ፣ ወደ ቫልቮላው ዘንበል ብሎ ይበሳና የ6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይወጣለታል። ከኢንጄክተሮቹ የሚመጡት ጎማ ቱቦዎች እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ ቢያጥሩ ይሻላል፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይለፉ። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የማይለቅ መንቀጥቀጥ ይመጣል።

5. ኤሌክትሪኩ። የየቤንዚን ኢንጄክተሩ ሽቦ ተቆርጦ በጋዙ ኢሲዩ በኩል ያልፋል። ቅደም ተከተሉ አይሳት፤ የመጀመሪያው ፒስተን ቤንዚን ሲቋረጥ ጋዝ የሚያገኘውም እሱ ራሱ ይሁን። ሽቦው ይበየድ እንጂ ተጠምዝዞ በፕላስተር አይታለፍ። የባትሪው መስመር ፊውዝ ይኑረው።

6. የፍሳሽ ምርመራ። መጀመሪያ 20 ባር ብቻ ይሞላና እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የሳሙና ውሃ ይቀባል። በደንብ የተመታ አረፋ ትንሽዬ ፍሳሽንም ያሳያል፤ ግን ቸኩሎ ማለፍ አያስፈልግም፣ በአንድ ቦታ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ 100፣ ከዚያ 200 ባር እያሉ ይደገማል። ፍሳሽ ከተገኘ ግፊቱ ሳይወርድ መገጣጠሚያውን ማጥበቅ ክልክል ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣሪያው የተደፈነ ጋራዥ ውስጥ ስለማይበተን ሥራው ሜዳ ላይ ወይም ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይሁን።

ማስተካከያው ደንገጎ ላይ ነው የሚለየው

መኪናዋ በቤንዚን ትነሳለች፤ ውሃው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ትዞራለች። በኮምፒዩተር የሚደረገው የመጀመሪያ ማስተካከያ ቆማ ነው፤ ብዙ ጋራዦችም እዚያ ላይ ጨርሰው ቁልፉን ይሰጣሉ። አይቀበሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር የሚወስደው የደንገጎ ዳገት ከ2,000 ሜትር በላይ ያወጣል። ጋዝ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ ጉልበት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል፣ ከፍታው ደግሞ ይጨምርበታል።

ባለሙያው ላፕቶፑን ይዞ አብሮ ይውጣ። እኩል ፍጥነት ላይ ከቤንዚን ወደ ጋዝ ሲቀየር ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የቤንዚን ኢንጄክሽን ጊዜ (ኢንጄክተሩ ክፍት እንዲሆን የሚታዘዝበት ጊዜ) ከጨመረ ጋዙ ሳስቷል ማለት ነው፣ ይጨመር፤ ከቀነሰ በዝቷል። ዳገቱን ሰዎች ተጭነው፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይሞከር። እዚያ ላይ የጋዝ ኢንጄክተሮቹ ሳይዘጉ ክፍት ሆነው ከቀሩ የኢንጄክተሩ አፍ ጠቧል፤ በሰፊ ይቀየር። የሳሳ ጋዝ ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ በዳገት ግን ቫልቮላ ያቃጥላል፣ ቴስታታ ያስወርዳል።

በአገልግሎት ላይ

ከሰዓት በኋላ ሞልተው ጌጁ 200 ካለ በኋላ ማታ 175 ቢያሳይ አይደንግጡ። በፍጥነት ሲሞላ ጋዙ ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። በተቃራኒው ጠዋት በደንብ የተሞላ ሲሊንደር በቀትር ከ220 ቢያልፍ የተለመደ ነው፤ 200 ባር የሚባለው በ15 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነውና።

ቤንዚን ከሩብ ታንክ በታች አይውረድ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው፤ በጋዝ እየሄዱም ቢሆን በብዙ መኪኖች ላይ መሥራቱን ስለማያቆም በባዶ ታንክ ይቃጠላል። የጋዝ ማጣሪያው በየ15,000 ኪሎ ሜትር፣ አቧራ በሚበዛበት መስመር ከዚያም ቀደም ብሎ ይቀየር። ጋዝ ደረቅ ስለሆነ የቫልቮላው መቀመጫ እየተበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ በየ20,000 ኪሎ ሜትር ይለካ። ሲሊንደሩ በደረጃው መሠረት በየተወሰነ ዓመቱ ወርዶ ይመረመራል። ከግጭት በኋላ ግን ቀኑ ባይደርስም ይመርመር።

ጠዋት መኪናውን ሲከፍቱ የጋዝ ሽታ ከመጣ ቁልፍ አያዙሩ፣ መብራት አያብሩ፣ ስልክም እዚያው አይደውሉ። በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይራቁ፤ ሽታው ሲጠፋ የሲሊንደሩን ቫልቭ በእጅ ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉ፣ መኪናዋን ገፍተው ወደ ሜዳ ያውጡና ባለሙያውን ወደ እርስዎ ያስመጡ።