ሰልባጅ በቦንዳ ልትገዙ ላሰባችሁ

ጎንደር ሆናችሁ ናይሮቢ ካለ ዘመድ ጋር ሰልባጅ በቦንዳ (በታሰረ ትልቅ ጥቅል) ገዝታችሁ ልትነግዱ ካሰባችሁ ይህን ልብ በሉ። ሻጮች «ያልተለየ ነው» ሲሏችሁ ከማን እጅ እንደመጣ ጠይቁ። በቀጥታ ከሰብሳቢው ከሆነ ጥሩ ጃኬትም የተቀደደ ካልሲም አብሮ አለበት። ምርጡ ተለቅሞ የተረፈ ከሆነ ግን ትርፉን ሌላ ሰው በልቶታል። ዘመዳችሁ አንዱን ቦንዳ አስፈትቶ ብብትና አንገቱን፣ ዚፑን ይይ። ሒሳቡን በኪሎ አትሥሩት። ከ100 ፍሬ 40ው የማይሸጥ ከሆነ ወጪው በሙሉ የሚያርፈው በ60ው ላይ ነው።

ደግሞ እቃው እዚያው ናይሮቢ ይሸጥ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገራችን ማስገባት ክልክል ነው። «በሞያሌ አሳልፍላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ እባካችሁ አትስሙት፤ ጉምሩክ ከወረሰው ዋናውም አብሮ ይሄዳል።