ልጆች የዕቃን ጠባይ በእጃቸው እንዲያውቁ እንዴት እናድርግ?

«ብረት ሙቀት ያስተላልፋል» የሚለውን ልጅ ለፈተና ይሸመድደውና ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ከዚህ የተሻለ ያስተምሩታል። አጥብቃችሁ የምትይዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ከመሞከሩ በፊት ይገምት፣ እናንተም ቸኩላችሁ መልሱን አትንገሩት።

1. የብረት ማንኪያ፣ የፕላስቲክ ማንኪያና የእንጨት ማማሰያ ጠረጴዛ ላይ አሳድሩ። ጠዋት ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሳቸው። ብረቱ ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው ማለቱ አይቀርም። ለጊዜው ዝም በሉት።

2. በየእጀታው ጫፍ ላይ ሽምብራ የምታክል ቅቤ ለጥፋችሁ ሦስቱንም ሙቅ ውኃ ባለበት ኩባያ ውስጥ አቁሟቸው። ውኃውን እናንተው ቅዱ፣ ልጅ አይንካው። ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፤ ቀድሞ የሚቀልጠው የብረቱ ቅቤ ነው። አሁን የጠዋቱን ነገር አንሱለት። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ስላደሩ ቅዝቃዜያቸው እኩል ነበር፤ ብረቱ የቀዘቀዘ የመሰለው የእጁን ሙቀት ቶሎ ስለወሰደበት ነው።

3. እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሸክላውን ሙከራ ነው። ያልተሟሸ ትንሽ ማሰሮና የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ እኩል ውኃ ጨምራችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጡ። ከሰዓት በኋላ ልጁ ሁለቱንም ውኃ ይቅመስ፤ የማሰሮው ይቀዘቅዛል። የማሰሮውን ሆድም በመዳፉ ይዳብሰው። ውጩ ረጥቧል፣ ጆጉ ግን ደረቅ ነው። «ማሰሮው ተሰነጠቀ እንዴ?» ብሎ ቢደነግጥ ደስ ይበላችሁ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሸክላ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ውኃው በእነርሱ በኩል ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል፤ ሲተን ደግሞ ከማሰሮው ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ካላመነ የእጁን ጀርባ አርጥቡለትና እፍ በሉበት፤ ቅዝቃዜው ወዲያው ይሰማዋል። ይህን ሙከራ በበጋ ሥሩት፤ በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

4. ቀጥሎ አስቸጋሪውን ጥያቄ አምጡ፦ «ምጣድም ሸክላ ነው፤ ታዲያ ሊጡን ለምን አይመጠውም?» አንድ ቀን ሙሉ ያስብበት። አያቱ ቅርብ ከሆኑ አዲስ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ እርሳቸው ያሳዩት። የጎመን ዘሩ ቅባት በጋለው ሸክላ ውስጥ እየሰረገ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ገጹ እየጠቆረና እየለሰለሰ መምጣቱን ልጁ በዓይኑ ያየዋል።