ሠራተኛው ባለቤት የሚሆንበት ማኅበራዊ ኃላፊነት፦ ለሰሜን ሸዋ ድርጅቶች የቀረበ መመሪያ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ የሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና የአገልግሎት ድርጅቶች በየዓመቱ ችግኝ ያስተክላሉ፣ ደብተር ያከፋፍላሉ፣ ለተፈናቃዮች ዱቄትና ብርድ ልብስ ይለግሳሉ። ልገሳው ለማን እንዲሰጥ ማን እንደወሰነ ግን ማሽን ላይ ውሎ የሚያመሸው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ አያውቅም፤ ወሬውን የሚሰማውም ባነር ተይዞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ካየ በኋላ ነው። የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ይህ ሥራ ሠራተኛውን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ሠራተኛው በምርጫው፣ በአፈጻጸሙና በክትትሉ ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲኖረው ነው። ይህ መመሪያ ያንን ሥልጣን እንዴት ማካፈል እንደሚቻል ለሥራ አስኪያጆችና ለሰው ሀብት ኃላፊዎች ያስረዳል።

ከግቢ ውጭ ከመውጣት በፊት

ደመወዝ በሚዘገይበት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና የጆሮ መከላከያ በማይታደልበት፣ የሌሊት ፈረቃ የምትወጣ ወጣት ሰርቪስ አጥታ በጨለማ በእግሯ በምትሄድበት ድርጅት ውስጥ ለውጭ ሰው የሚደረግ ልገሳ ቂም ያተርፋል። ሠራተኛው «ለእኔ ያልተረፈው ገንዘብ ለፎቶ ተረፈ» ብሎ ማሰቡ አይቀርም፤ ሐሳቡም መሠረት አለው። ሁሉም ጉድለት እስኪሟላ ይጠበቅ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ሠራተኞች ደጋግመው ካነሷቸው ቅሬታዎች ቢያንስ ሁለቱ በሚታይ መልኩ ካልተፈቱ መርሐ ግብሩን በአንድ ዓመት ማዘግየት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜውና ገንዘቡ ከማን ይወጣል?

በጎ ፈቃድ የሚበላሸው በአብዛኛው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ሠራተኛው በየሰባት ቀኑ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት የማረፍ መብት አለው። ስድስት ቀን ሙሉ የሠራን ሰው በእሑድ ዕረፍቱ ጠርቶ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ስሙ «ዘመቻ» ቢባልም፣ ዕረፍትን መውሰድ ነው። ስለዚህ የማኅበራዊ አገልግሎቱ ሰዓት ደመወዝ ከሚከፈልበት መደበኛ ሰዓት ላይ መቀነስ አለበት፤ በዓመት ለአንድ ሠራተኛ አንድ የሥራ ቀን እንኳ ቢመደብ ጥሩ ጅምር ነው። በዚያ ቀን የምርት ኮታው በቀረው የሰው ኃይል ልክ ካልተቀነሰ፣ የወጡት የሠሩት በጎ ሥራ በመስመሩ ላይ በቀሩት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ይህን ሱፐርቫይዘሮች አስቀድመው በጽሑፍ ሊያውቁት ይገባል።

ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምርም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ይሁንና የቅርብ አለቃ ቆሞ እያየ የሚፈረም ቅጽ ሕጉን ያሟላ ይሆናል እንጂ ፈቃደኝነትን አያሳይም። መዋጮ የግድ ከተፈለገ ቅጹ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ይሰብሰብ፣ ማን ፈረመ ማን አልፈረመ የሚለው ለአለቆች አይድረስ፣ ድርጅቱም ሠራተኛው ባዋጣው ልክ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምር። እኔ ግን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከድርጅቱ እንዲወጣ፣ ከሠራተኛው ደግሞ ውሳኔና ሙያ ብቻ እንዲጠየቅ እመክራለሁ።

ምርጫውን ለሠራተኛው መተው

ከየፈረቃው አንዳንድ ሰው፣ ከጥበቃና ከጽዳት ክፍል አንድ ሰው፣ እንዲሁም ከሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ተወካይ ያሉበት ኮሚቴ በሠራተኞች ይመረጥ። የሰው ሀብት ክፍሉ በጸሐፊነት ማገልገል ይችላል፤ ሰብሳቢ መሆን ግን የለበትም። ሠራተኞቹ በየሰፈራቸው እድር ውስጥ ያደጉ ስለሆኑ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መምረጥንም ሆነ ሒሳብ መጠየቅን አዲስ አሠልጣኝ መጥቶ ሊያስተምራቸው አያስፈልግም።

አስተዳደሩ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ እነርሱም የበጀቱ ጣሪያና የማይነኩ ጉዳዮች ናቸው። ከማይነኩት መካከል የፖለቲካ እንቅስቃሴ መኖሩ ግልጽ ነው። ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ የሚቀርበው ጥያቄም ብዙ ስለሚሆንና ከመንዝ የመጣውም ከሸዋ ሮቢት የመጣውም ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ ስለሚሠራ፣ ይህ ለየግል መዋጮ ቢተው ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ወደ ቀበሌዎች፣ ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ጤና ጣቢያዎች ሄዶ ችግሩን በዓይኑ አይቶ ሦስት አማራጮችን ያቀርባል።

ድምፅ አሰጣጡ ማንበብ የሚከብደውንም ማካተት አለበት። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚቻል ቀላል ዘዴ አለ። ሦስት የተዘጉ ካርቶኖች በመመገቢያ አዳራሹ ጥግ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ላይ የወንበር፣ በሌላው ላይ የውኃ ቦኖ፣ በሦስተኛው ላይ የችግኝ ሥዕል ይለጠፋል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በመግቢያው ላይ አንዲት ማኅተም ያረፈባት ቁራጭ ጨርቅ ተቀብሎ ወደ መረጠው ካርቶን ይጨምራል። የሌሊት ፈረቃ በራሱ የምግብ ሰዓት ድምፅ ይስጥ። ቆጠራው በሁሉም ፊት ይካሄድ፣ አስተዳደሩም ውጤቱን ባይወደው እንኳ ይፈጽመው። አንድ ጊዜ የተሻረ ምርጫ የሚቀጥለውን ዓመት ካርቶን ባዶ ያስቀረዋል።

ሙያን መስጠት ከገንዘብ ይበልጣል

ዱቄት ተሸክሞ ማውረድን ማንም ይችላል፤ ሠራተኛው ልቡ የሚሞላው በየቀኑ የሚሠራበት ሙያ ለሌላ ሰው ሲጠቅም ሲያይ ነው። የጥገና ክፍል ባለሙያዎች የተሰባበሩ የተማሪ ወንበሮችን በብየዳ መጠገን፣ የቆመ የእጅ ፓምፕ ማስነሣት ይችላሉ፤ የሒሳብ ሠራተኞች ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የመዝገብ አያያዝ ያሳያሉ።

ለስፌት ፋብሪካዎች በተለይ የምመክረው ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ ለተማሪዎች መስፋትን ነው፤ ምክንያቱም ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ከወጡ ጥቂት ዓመታት የሆናቸው ወጣት ሴቶች ናቸው፣ የተማሪዋንም ችግር ከማንም በላይ ያውቁታል። ሥራው ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቦ ከመስፋት ያለፈ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፖሊስተር የበዛበት ቁርጥራጭ ፈሳሽ አይመጥም፤ ለውስጠኛው ድርብ ንጹሕ ጥጥ፣ ለታችኛው ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን ያስፈልጋል። ቁልፉ ወይም ማያያዣው ቆዳ እንዳይቧጭር ናሙናውን ሠራተኞቹ ራሳቸው ለብሰው ይሞክሩት። ደብረ ብርሃን በክረምት ጭጋግና ዝናብ ስለማይለያት ወፍራም ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ድርቦቹ ተነጣጥለው የሚታጠቡና የሚደርቁ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ለአንዲት ተማሪም አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲተካ በርከት ያለ ቁጥር ይሰጥ። በትምህርት ቤቱ ውኃ ከሌለ መጀመሪያ የሚሠራው የውኃው ጉዳይ ነው። ዕደላው በሴት መምህር በኩል በክፍል ውስጥ ይካሄድ፤ ካሜራ አይግባ። በመጠለያ ለሚኖሩ ተፈናቃዮች የሚደረገው ድጋፍም በዚሁ ደንብ ይመራ፤ እርዳታ የሚቀበል ሰው ፊቱን የማስነሣት ግዴታ የለበትም።

ችግኝ ከተባለ

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሐምሌ የሚደረግን ተከላ የመሥሪያ ቤቶች ልማድ አድርጎታል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ችግኝ የሚፈተነው ከተከላው በኋላ ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች የሚወርደው ውርጭ ለጋውን ቅጠል ያጠቁረዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ዝቅ ባለ መሬት ላይ ስለሚጠራቀም ረግረጉና ጎድጓዳው ቦታ ይብስበታል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ከብት በልቅ ይለቀቃል። ስለዚህ ተዳፋትን መምረጥ፣ ጥድንና ኮሶን የመሰሉ ደጋ የለመዱ አገር በቀል ዝርያዎችን ማስቀደም፣ ከጥቅምት በፊት በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ በሦስት እንጨት የተደገፈ የሣር ጥላ ማልበስና ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ያስፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ፈረቃ የራሱ ቦታ ይሰጠው፤ በታኅሣሥና በግንቦት የቆሙት ችግኞች ይቆጠሩ፣ ቁጥሩም ይለጠፍ። በፈረቃዎች መካከል የሚነሣው ፉክክር ከማንኛውም የማነቃቂያ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል። ከአካባቢው ገበሬ ጋር ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ የማን እንደሚሆን በቀበሌው በኩል በጽሑፍ ካልተስማሙ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። የመንዝ ጓሳ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው ተጠቃሚዎቹ ቄሮ በተባለው ነባር የሣር አጠባበቅ ሥርዓት የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ራሳቸው ስለወሰኑ ነው፤ ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከፈረሰ በኋላም አካባቢው በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ሊገባ የቻለው ባለይዞታነታቸውን የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ቀን ስለ መምረጥ

በየወሩ በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23፣ በ27 እና በ29 ገበሬው መሬት የማይቆፍርባቸው በዓላት ስላሉ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር የሚሠራ የቁፋሮ ሥራ በእነዚህ ቀናት አይያዝ። ዓርብ የሙስሊም ሠራተኞች የጸሎት ሰዓት ይጠበቅ። መንገድ የሚዘጋበት ወይም የጸጥታ ስጋት ያለበት ጊዜ ሲሆን ለከተማው ቅርብ የሆነ፣ በቀን ብርሃን ተሠርቶ የሚመለሱበት ቦታ ይመረጥ።

ሒሳቡ ይታይ

ሥራው ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ ሒሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተመደበው ብር፣ የተገዛው ዕቃ ከነዋጋው፣ የተረከበው አካል፣ የቀረው ብር በቀላል አማርኛ ይጻፍበት፣ የኮሚቴው ሰብሳቢም ይፈርምበት። የሒሳብ ክፍሉ በበኩሉ ደረሰኞችን መያዝ አለበት፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ድርጅት ለሕጋዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለመንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የሚሰጠው ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነሰው በገደብ በመሆኑ፣ በኋላ የመጡ ማሻሻያዎችን ከባለሙያ ጋር ማጣራት ይበጃል።

ውጤቱን መመዘን

የተሳታፊዎችን ቁጥር ብቻ መቁጠር ያታልላል፤ ታዝዞ የወጣም በዝርዝሩ ውስጥ ይገባልና። ከመርሐ ግብሩ በፊትና ከስድስት ወር በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ስም ሳይጻፍ ይጠየቁ፤ ዘንድሮ የተሠራው ሥራ እንዴት እንደተመረጠ ያውቃሉ? በሚቀጥለው ዓመት ያለ ግዴታ ይሳተፋሉ? እዚህ መሥራትዎን ለእህትዎ ወይም ለወንድምዎ ይመክራሉ? ማንበብ ለማይችሉት ጥያቄውን የኮሚቴ አባል እንጂ አለቃ አያንብብ። ከዚህ ጎን ከሥራ የሚቀሩና ሥራ የለቀቁ ሠራተኞች ቁጥር በየፈረቃው ይታይ። የለቀቁት ቁጥር ቢቀንስ ምስጋናው ሁሉ ለማኅበራዊ ኃላፊነት አይሰጥ፤ በዚያው ጊዜ ደመወዝ ተጨምሮ ወይም ሌላ ፋብሪካ ሠራተኛ መቅጠር አቁሞ ሊሆን ይችላል። መልሶቹ ደስ የማያሰኙ ቢሆኑም ከሒሳቡ ወረቀት አጠገብ ይለጠፉ፤ ኮሚቴው የቀጣዩን ዓመት ሦስት አማራጮች ማጣራት የሚጀምረው ከእነርሱ ነው።