የእንጨት ጭልፋ የተሳለበትን የውሃ ቀለም ሥዕል እንዴት ማየት ይቻላል?

ብዙ ሰው ተራ ዕቃ የተሳለበትን ሥዕል "ጭልፋ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከትልልቅ የጦርነት ሥዕሎች ይልቅ እንዲህ ያሉት ቀልቤን ይስቡታል። የሁለት ሰው እጅ አርፎባቸዋል፤ የጠራቢውና የሠዓሊው።

1. መጀመሪያ ዕቃውን እዩ። ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። የቢላው ምልክት የት የት ላይ ቀርቷል? እጀታው ቀጥ ያለ ነው ወይስ ትንሽ ዘመም ይላል? ከዚያ ወደ ጠርዙ ሂዱ። ለዓመታት ከድስት ጋር ሲፋተግ የኖረ ጭልፋ በአንድ ጎኑ ያልቃል። ከዚህ ተነስቶ ባለቤቱ ቀኝ ይሁን ግራኝ መገመት ይቻላል። ጥሩ ሠዓሊ ይህን ጉድለት አያቃናም፤ እንዳለ ያስቀምጠዋል።

2. ነጩን ፈልጉ። በውሃ ቀለም ሥዕል ነጭ የሚመስለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ የቀረ ወረቀት ነው። ጭልፋው ጉድጓድ ውስጥ የምታዩዋት ብልጭታ ሠዓሊው ብሩሹን ሳያነሳ በፊት አስቦ የተዋት ናት። በዘይት ቀለም መጨረሻ ላይ ነጭ ጣል ማድረግ ይቻላል። እዚህ ግን ወረቀቱ አንዴ ከተሸፈነ መመለሱ ከባድ ነው። እኔ በጣም የማደንቀው ይህን ጥንቃቄ ነው።

3. ጠጋ በሉ። ቡናማው አንድ ቀለም አይደለም፤ ስስ ቀለም እየደረቀ ሌላው ተደርቦበታል። ድንበሩ ጥርት ካለ ወረቀቱ ደርቆ ነበር። ከደበዘዘ ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ ተቀብቷል። ቁርጥርጥ ያሉት የእንጨቱ መስመሮች ውሃ ባነሰው ብሩሽ የተሳቡ ናቸው።

4. ጥላውን አትርሱ። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነገር ታገኙበት ይሆናል።

ዓይናችሁን ለማለማመድ "ኢንዴክስ ኦፍ አሜሪካን ዲዛይን" የተባለውን ስብስብ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1942 አሜሪካ ውስጥ መንግሥት የቀጠራቸው ሠዓሊዎች አሻንጉሊት፣ የአልጋ ልብስ፣ ማሰሮና የቤት ዕቃ እያዩ በውሃ ቀለም ስለዋል። ሥዕሎቹ ከ18,000 በላይ ናቸው። የሚገኙት ዋሽንግተን ባለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ነው፤ ብዙዎቹን በድረ ገጹ ላይ አጉልቶ ማየት ይቻላል።

ዋናውን ሥዕል ሙዚየም ውስጥ ካገኛችሁት ክፍሉ ደብዘዝ ሊልባችሁ ይችላል። የውሃ ቀለም በብርሃን ስለሚለቅ፣ ሙዚየሞች መብራቱን ብዙ ጊዜ ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ዝቅ ያደርጉታል። ዓይናችሁ እስኪለምደው ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ከጠርዙ ጀምሩ።