መኪናው አልነሳ ሲል፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ጠዋት ቁልፍ አዙራችሁ መኪናው እምቢ ካለ የሁላችንም ፍርድ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል»። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አዲስ ባትሪ ተገዝቶ፣ በሳምንቱ ያው ችግር ይመለሳል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበራ!

ሥራ የተከፋፈሉት ሦስት ናቸው። ባትሪው ለማስነሻ የሚሆነውን ኃይል ይይዛል። ሞተሪኖው በዚያ ኃይል ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ዲናሞው መኪናውን ይመግባል፤ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል። የትኛው እንደደከመ ለማወቅ አንድ ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይበቃል። በእኔ እምነት መኪና ያለው ሰው ከትርፍ ጎማ ቀጥሎ ሊይዘው የሚገባ ዕቃ ነው።

«ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይላል፣ ግን አይነሳም

ተከታታይ የጠቅታ ድምፅ የሚነግራችሁ ሞተሪኖው በቂ ኃይል እንዳልደረሰው ነው። ወይ ባትሪው ወርዷል፣ ወይ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ቴስተሩን 20 ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና መኪናው አድሮ ጠዋት ለኩ። 12.6 አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ከለካችሁ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይሸውዳችኋል። ስለዚህ የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ከዚያ ለኩ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ፤ እናንተ ቴስተሩን እዩ። 12.6 የነበረው ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። ሦስት አራት ዓመት ካገለገለ አይገርምም። ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚሠራ መኪና ባትሪ ከአዲስ አበባው ቀድሞ ቢሞት የሚጠበቅ ነው።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ መኪናው ካልተነሳስ? ያኔ ተርሚናሎቹን፣ ማለትም ገመዶቹ ባትሪው ላይ የሚታሰሩባቸውን ጫፎች፣ ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዙ፣ ወይም በእጅ ሲነኩ ከተነቃነቁ ችግሩን አገኛችሁት። ሞተሩን አጥፉ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ንቀሉ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን። በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አፍስሱበት፣ በጥርስ ብሩሽ አሹት፣ አድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል። አጥብቃችሁ እሰሩና ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ዱቄቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ አሲድ አለበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥቁሩ ገመድ ከቦዲውና ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ነው፤ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉና ቁልፍ ይዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ዝጓል ወይም ላልቷል። ፈትታችሁ፣ ፍቃችሁ እሰሩት። ወጪ የለውም።

አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ይላል

ባትሪውና ገመዶቹ ደህና ከሆኑ ተጠርጣሪው ሞተሪኖው ነው፤ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ወይም የውስጥ ኮንታክቱ አልቋል። መታ መታ ሲያደርጉት የሚነሳበት ጊዜ አለ። ያ ግን ኤሌክትሪሺያን ጋ ለመድረስ ብቻ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለና ዳሽቦርዱ በደንብ ከበራ ደግሞ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፒ ላይ መሆኑን እዩ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው አስቸግሯል።

ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ባዶ

ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ በማግስቱ ከወረደ የሆነ ነገር ሌሊቱን እየጠጣው ነው። መጀመሪያ የሻንጣ መብራቱ ክዳኑ ሲዘጋ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ውስጥ ዝጉበት። ከዚያ ደግሞ መኪናው ላይ ቆይተው የተጨመሩትን ዕቃዎች ጠርጥሩ፦ ቴፕ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ። በቸኮለ እጅ የተቀጠለ ሽቦ ብዙ ጣጣ አለው።

ለመለካት ኔጌቲቩን ንቀሉና ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርጋችሁ በተርሚናሉና በገመዱ መካከል አስገቡት። የመኪናው ኮምፒውተር እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወደቀበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መስመር ያሳያችኋል። ቴስተሩ እንደተያያዘ ግን ቁልፍ አታዙሩ፤ ይቃጠላል።

እየነዳችሁ የባትሪ ምልክት በራ

ይሄ የዲናሞ ጉዳይ ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ፤ አብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ያሳያል። 12 ቤት ውስጥ ከሆነ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቶ ወይም ተበጥሶ ይሆናል፣ ካልሆነ የዲናሞው ካርቦን አልቋል። ከ15 በላይ ከሆነ የዲናሞው ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል፤ የባትሪውን ውሃ ያፈላል፣ አምፖል ይጨርሳል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ዲናሞ ለመፈተን ብሎ ሞተሩ እየሠራ ባትሪ የሚነቅል ሰው አሁንም አለ። በድሮ መኪና ያለፈ ሊሆን ይችላል። በዛሬው ግን ቮልቴጁ ድንገት ይዘልና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ቴስተር እያለ ለምን?

መብራት

ፍሬቻ በአንድ በኩል ከወትሮው ከፈጠነ አንድ አምፖል ተቃጥሏል። ፍሬን ስትረግጡ የማይመለከተው መብራት ደብዘዝ ብሎ ከበራ ችግሩ የኋላው መብራት ማሳ ነው። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፒር ተኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 ነው። እንደገና ከተቃጠለ ሾርት አለ። በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት መኪና ማቃጠል ነው።

ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን

አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ መኪኖችም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሷ ከወረደች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ስለዚህ የ12 ቮልቷን ባትሪ ልክ እንደ ቤንዚን መኪናው መለካት ትችላላችሁ። ብርቱካናማ ገመዶቹን ግን አትንኩ። እዚያ ውስጥ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።